«ገደሉ በየት በኩል ነው?»፦ ገደል ለሚፈሩ የወሎ መንገደኞች የጉዞ መመሪያ

ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ ወልድያ ወይም ላሊበላ ለመሄድ ያሰበ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ገደሉ በየት በኩል ነው?» እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጥያቄ ነው። ገደል የሚፈራ ሰው «አብሽር፣ ምንም የለውም» ስለተባለ አይረጋጋም። ገደሉ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያበቃ፣ እሱ ደግሞ የት መቀመጥ እንዳለበት ሲያውቅ ግን ግማሹ ፍርሃት ይቀልለታል። ስለዚህ በስልክ የምደጋግመውን ሁሉ እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር። መንገዱ ክፍት መሆኑንና ጸጥታው ደህና መሆኑን በዚያው ሳምንት ከመንገዱ በመጣ ሰው አጣሩ። መናኸሪያ ያሉ ሹፌሮች ከማንም በፊት ያውቃሉ። ይህ ሳይጣራ የሚቀጥለው ሁሉ ዋጋ የለውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካርታ የወረደበት ስልክ። ተራራው ላይ ኔትወርክ ይጠፋልና ካርታው ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ቀድማችሁ አውርዱት።
- አንድ ወረቀትና እስክሪፕቶ።
- ነጠላ፣ ሻርፕ ወይም ጎን የሚጋርድ ኮፍያ።
- ውኃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ ቁራጭ ዝንጅብል።
- ሁለት ሦስት ፌስታል። ከፍርሃቱ ጋር ማቅለሽለሽ አብሮ ይመጣል።
- ጃኬት። ጣርማበር ላይ ያንቀጠቅጣል፣ ሸዋሮቢት ላይ ታወልቁታላችሁ።
- ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ፦ የተነፋ ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ ታኮ የሚሆን እንጨት፣ ባለሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ፣ የእጅ ባትሪ።

1. መንገዱን ቆራርጡት

«የወሎ መንገድ ገደል ነው» የሚባለው ግነት አለበት። አብዛኛው ገደል የለውም። ችግሩ ገደሉ የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ሙሉውን መንገድ ወንበር ጨብጦ መሄዱ ነው። ገደሉ ጋ ሲደርስ ጉልበቱን ጨርሶታል።

ወረቀቱን አውጡና እያንዳንዱን ቁራጭ «ሜዳ» ወይም «ገደል» ብላችሁ ጻፉ። ለአዲስ አበባ–ደሴ ይህን ይመስላል፦

- ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን፣ 130 ኪሎ ሜትር፦ ሜዳ። ተኙ፣ አውሩ።
- ከጣርማበር ዋሻ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ቆላው ድረስ፦ ገደል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስታችሁ ሸዋሮቢት ስትደርሱ ከ1,300 ሜትር በታች ናችሁ። ከባዱ ቁልቁለት ከዋሻው እስከ ደብረ ሲና ያለው ነው።
- ሸዋሮቢት፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ኮምቦልቻ፦ በአመዛኙ ሜዳና ኮረብታ።
- ከኮምቦልቻ ደሴ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል፦ የሐረጎ ዳገት። ጠመዝማዛ ነው፣ ግን አጭር ነው።

አያችሁ? 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሆነው መንገድ የሚያስጨንቀው ሁለት ቁራጭ ነው።

ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ሐይቅ ያለው ቀላል ቁልቁለት ነው። ከውጫሌ ወደ ውርጌሳ ሲወረድ እንደገና ይጠማዘዛል። ከዚያ በመርሳና በሲሪንቃ አድርጎ ወልድያ ድረስ ያን ያህል አያስቸግርም። ከወልድያ ቆቦ የሚሄድ ሰው ደግሞ የቆቦን ሜዳ እያየ ይዝናናል።

ላሊበላ ሌላ ነው። ከወልድያ ወጥታችሁ ድልብን ስታልፉ የሚጀምረው ዳገት በዚህ መስመር ትልቁ ፈተና ነው። ደጋው ላይ ከወጣችሁ በኋላ እስከ ጋሸና ትተነፍሳላችሁ። ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ ተገንጥላችሁ 64 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ላሊበላ ናችሁ። ይህኛው ቁራጭ መውረድም መውጣትም አለበት።

ከደሴ በኩታበር አድርጎ በሽሎን ተሻግሮ ወደ ተንታ የሚሄደውን መንገድ ለመጀመሪያ ጉዞ አትምረጡት። የበሽሎ ሸለቆ ቀልድ አያውቅም። «አቋራጭ አለ» ተብላችሁ የምትወሰዱበትን ኮረኮንችም እንደዚያው። አስፋልቱ ቢረዝምም ሰፊ ነው፣ ምልክት አለው፣ ከፊት የሚመጣ መኪና ሲያጋጥማችሁ ወደ ጠርዝ መጠጋት አይኖርባችሁም።

2. የትኛው ጎን እንደሆነ እወቁ

ኢትዮጵያ ውስጥ የሚነዳው በቀኝ ነው፤ መሪው ደግሞ በግራ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል።

አንደኛ፣ ገደሉ በቀኝ ሲሆን መኪናችሁ ጠርዙ አጠገብ ነው። ገደሉ በግራ ሲሆን ግን በእናንተና በገደሉ መካከል የሌላው መስመር አስፋልት አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲወጣ የአፋር ቆላ በጥቅሉ በቀኝ በኩል ነው። ሲመለሱ በግራ ይሆናል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «መመለሱ ቀለለኝ» የሚለው። ስለለመደ ብቻ አይደለም፤ የተጓዘው በተራራው ጎን ነው።

ሁለተኛ፣ ሹፌሩ የሚቀመጠው ወደ መንገዱ መሐል ነው። ጋቢና በቀኝ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ጠርዙ ላይ። ገደል የሚፈራውን ሰው «ፊት ቁጭ በል፣ ይሻልሃል» ብላችሁ ጋቢና አታስገቡት። ማቅለሽለሹ ይቀልለት ይሆናል፣ ገደሉን ግን ከሁሉም አብልጦ የሚያየው እሱ ነው። የቤት መኪና ከሆነ ከሹፌሩ ኋላ ይቀመጥ። አውቶቡስ ከሆነ በግራው ረድፍ፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ በመተላለፊያው በኩል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ጠመዝማዛ ላይ ይህ ስሌት ይገለባበጣል። ጣርማበርም ድልብም መንገዱ እንደ እባብ ስለሚተጣጠፍ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ገደሉ ጎን ይቀይራል። ስለዚህ እዚያ ቦታ ከመስኮት መራቅ ጎን ከመምረጥ ይበልጣል።

ለማጣራት ካርታውን ወደ ሳተላይት ምስል ቀይሩት። ስልኩን የምትሄዱበት አቅጣጫ ወደ ላይ እንዲሆን አዙሩት። አሁን የስክሪኑ ቀኝ የእናንተ ቀኝ ነው። መንገዱን በጣታችሁ እየተከተላችሁ ቆላው በየት በኩል እንደሚወድቅ እዩና «ቀ» ወይም «ግ» እያላችሁ ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የትኛውም የማጽናኛ ቃል የዚህን ያህል አይጠቅምም።

3. ወሩንና ሰዓቱን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ድንጋይና ጭቃ ወደ አስፋልቱ ያወርዳል፣ ጭጋጉም ይበረታል። ወሎ የበልግ አገር መሆኑንም አትርሱ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ «በጋ ነው» ብሎ የወጣ ሰው ዝናብ ሊያገኘው ይችላል።

ገደሉን የምታልፉበትን ሰዓት ከጠዋቱ 3 እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ባለው ውስጥ አድርጉት። ከአዲስ አበባ 12 ሰዓት ላይ የወጣ መኪና ጣርማበር የሚደርሰው ረፋድ ላይ ስለሆነ ይመቻል። የድልብን ዳገት ደግሞ ጠዋት ውጡት። መንገዱ ወደ ምዕራብ ነውና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ታበራባችኋለች። ሹፌሩ ዓይኑን እያጨነቆረ ሲነዳ ማየት ለፈሪ ሰው ሌላ ራስ ምታት ነው።

ማታ በፍጹም አይሆንም። «ገደሉ ስለማይታየኝ ጨለማው ይሻለኛል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ለጭጋግም እንዲሁ ይላሉ። ለእናንተ ያልታያችሁ ገደል ለሹፌሩም አልታየውም። በጭጋግ ጊዜ ደግሞ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ጠርዙን ፈርቶ ወደ መሐል ይገባል። ጣርማበር ላይ ጭጋግ ካገኛችሁ ሻይ ጠጡና ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ ይገፈፋል።

ኮምቦልቻ ሲመሽባችሁ «ደሴማ ቅርብ ናት» ብላችሁ ሐረጎን በጨለማ አትውጡ። ኮምቦልቻ እደሩ።

4. ቀድማችሁ በትንሹ ተለማመዱ

ይህን እርምጃ ሁሉም ይዘለዋል። የሚያሳዝነው፣ ከሁሉም በላይ የሚሠራው ይኸው ነው። ፍርሃት የሚበርደው ሰውነት «እዚህ ነበርኩ፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ ሲለምድ ነው። ይህ ደግሞ በአንድ ትልቅ ጉዞ አይገኝም፣ በተደጋገመ ትንሽ ጉዞ ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ለምትኖሩ ሐረጎ ራሱ መለማመጃ ነው። አጭር ነው፣ ሚኒባስ አይጠፋም፣ ካልቻላችሁም ሁለቱም ጫፍ ከተማ ነው።

- መጀመሪያ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ውጡ። ዳገት ከቁልቁለት ይቀላል፤ መኪናው ዝግ ይላል፣ ዓይናችሁም ወደ ላይ ያያል።
- ከመስኮት ርቃችሁ ተቀመጡ። መነሻና መድረሻ ላይ ፍርሃታችሁን ከ10 ስንት እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ጻፉ።
- ቁጥሩ እስኪወርድ በዚያው ወንበር ደጋግሙት። ሲሰለቻችሁ ወደ ቁልቁለቱ እለፉ።
- ቀጥሎ መስኮት አጠገብ። መንዳት የሚፈልግ ሰው መሪ የሚይዘው ከዚህ በኋላ ነው።

ቁጥሩ 9 እያለ መሐል መንገድ ላይ «አውርዱኝ» ብላችሁ ብትወርዱ ፍርሃቱ ለሚቀጥለው ይብሳል። ከተማው እስኪደርስ ታገሱ። በተቻለ መጠን መልመጃው መድረሻው ላይ ይለቅ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ የእንጦጦን መንገድ ተጠቀሙ።

ይህን ሞክራችሁ አሁንም ልባችሁ የሚያቆም ከመሰላችሁ፣ ወይም ከጉዞው ሳምንት በፊት እንቅልፍ ካጣችሁ፣ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ይህ ፍርሃት በሕክምና በደንብ የሚታከም ነው።

5. መኪናውንና ሹፌሩን ምረጡ

ትልቅ አውቶቡስ ላይ ወንበሩ ከፍ ስለሚል የመንገዱ ጠርዝ ከእይታ ይጠፋና ቀጥታ ገደሉን ታያላችሁ። ዝቅ ያለ የቤት መኪና ውስጥ ግን ጠርዙም መከለያውም ይታያል። ለፈሪ ሰው ዝቅ ያለው ይሻላል። በሌላ በኩል አገር አቋራጭ አውቶቡስ መስመሩን የለመደ ሹፌር አለው። ከሁሉም የማልመክረው ለመቅደም የሚጣደፈውን ሚኒባስ ነው። ቲኬት ስትቆርጡ ወንበር ቁጥሩን ያኔውኑ ተነጋገሩ፤ ከተሳፈራችሁ በኋላ ማለዋወጥ ጭቅጭቅ ነው።

ሹፌሩን ከመነሳታችሁ በፊት አናግሩት። መኪናው ቁልቁለት ላይ እያለ ከኋላ መጮህ ማንንም አይጠቅምም። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «ወንድሜ፣ ገደል ያስፈራኛል። ጣርማበር ላይ ቀስ በልልኝ፣ አደራ።» አብዛኛው «አብሽሪ እህቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» ብሎ ይመልሳል። ከሳቀባችሁ ወይም «እኔ በሁለት ጣት ነው የምነዳው» ካለ ሌላ መኪና ፈልጉ። ኮንትራት የምትይዙ ከሆነ ጠይቁት፦ ድልብን ስንት ጊዜ ወጥቷል? ቁልቁለት በስንት ማርሽ ይወርዳል? «በዜሮ» (ማርሽ አውጥቶ) የሚል ሹፌር ነዳጅ ቆጥቦ ሰው የሚጨርስ ነው። አትሳፈሩ።

6. ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ

ከመነሳታችሁ በፊት ፍሬን ሸራ፣ ፍሬን ዘይት፣ ጎማና መብራት ይታይ። ከዚያ፦

ቁልቁለቱን ለመውጣት በምትጠቀሙበት ማርሽ ውረዱት፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝላችኋል። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀንሱ። አውቶማቲክ ከሆነም ዝቅተኛውን ምረጡ። ፍሬን ላይ እግር ጭኖ መውረድ ሸራውን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። የተቃጠለ ነገር ሲሸታችሁ፣ ወይም ፔዳሉ ሲለሰልስ፣ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ታኮ አድርጉ። እስኪበርድ ጠብቁ። ውኃ አትድፉበት።

ወደ መሐል አትግቡ። ይህን ደግሜ ልጻፈው፦ ወደ መሐል አትግቡ። ገደል የሚፈራ ሹፌር ሳይታወቀው ከጠርዙ እየሸሸ የሌላውን መስመር ይይዛል። በዚህ መስመር ደግሞ ተሳቢና ሲኖትራክ አይጠፋም። እነሱም ኩርባ ሲዞሩ ሰፋ አድርገው ነው። ገደሉ ባለበት ይቀመጣል፣ ሲኖትራኩ ግን ይመጣል።

ዓይናችሁን መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አድርጉ። እጅ ዓይንን ይከተላል። ጠርዙን የሚያይ ሹፌር ቀስ በቀስ ወደ ጠርዙ ይሄዳል።

በማይታይ ኩርባ ላይ ክላክስ አሰሙ። ከኋላ የሚገፋችሁ ካለ ሰፊ ቦታ ስታገኙ ፍሬቻ አሳይታችሁ አሳልፉት። እልህ አትጋቡ። ጠባብ ቦታ ላይ ለሚወጣው መኪና ቅድሚያ ስጡ፤ ዳገት ላይ ከቆመ መነሳት ይከብደዋል። የጣርማበር ዋሻ ውስጥ መብራት አብሩ፣ የፀሐይ መነጽር አውልቁ።

ድንገት እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ኩርባ ላይ አትቁሙ። እስከሚቀጥለው ሰፊ ቦታ ድረስ በዝግታ ንዱ፣ ከዚያ መሪውን ለሌላ ስጡ። ስለዚህ ሁለተኛ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው መኪናው ውስጥ ይኑር።

7. የጉዞው ቀን

ቀለል ያለ ነገር ብሉ። ባዶ ሆድም ጥጋብም ያቅለሸልሻል። ጀበና ቡናውን እስከ ሦስተኛው አትጠጡ፣ ጫትም ይቅር። ሁለቱም ልብን ያስመታሉ፣ ልባችሁ ሲመታ ደግሞ አእምሮ «ፈርቻለሁ» ብሎ ይተረጉመዋል። የማቅለሽለሽ ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ፋርማሲስት ጠይቁ። ብዙዎቹ እንቅልፍ ያመጣሉ፣ የሚነዳ ሰው አይውሰድ።

ጆሯችሁ ቢደፈን አትደንግጡ። የከፍታ ለውጥ ነው። ምራቅ ዋጡ ወይም ቆሎ አኝኩ።

«ገደል» ብላችሁ የጻፋችሁት ቁራጭ ሊጀምር ሲል ነጠላውን በመስኮቱ ጎን ጣል አድርጉ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አየር ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። የማስወጣቱ መርዘም ነው ልብን የሚያበርደው። ስልክ ላይ አታፍጥጡ፤ ሰውነት ሲወዛወዝ ዓይን የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ከተተከለ ያዞራል። የፊቱን መንገድ ወይም የተራራውን ጎን እዩ።

አብሮ የሚሄደው ሰው ወረቀቱን ይያዝ። ሥራው ማንበብ ነው፦ «ደብረ ሲና ልንደርስ ነው፣ ከዚያ በኋላ ይቀልላል።» «ኧረ ገደሉን እዩት!» ማለት ክልክል ነው። «አትፍሪ» ማለትም አይረዳም።

8. መውጫ አዘጋጁ

ሐሳባችሁን የምትቀይሩበት ቦታ ቀድሞ ይታወቅ። ደብረ ብርሃን፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ማደሪያ አላቸው። የመጨረሻው «ልቀጥል ወይስ ልቅር?» የሚባለው ከገደሉ በፊት ባለው ከተማ ነው። ለጣርማበር ደብረ ብርሃን፣ ለድልብ ወልድያ። ዳገቱ ላይ መኪና ማዞር ከመቀጠል የባሰ አደገኛ ነው።

አውሮፕላንም አለ፣ ወደ ኮምቦልቻም ወደ ላሊበላም። ግን አንድ ነገር አትርሱ። ኮምቦልቻ ያረፈ የደሴ መንገደኛ ሐረጎን መውጣቱ አይቀርም። ላሊበላም አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ የመጨረሻው መንገድ ዳገት አለው። ስለዚህ ለበረራም ቢሆን ሁለተኛውንና ሰባተኛውን እርምጃ አትዝለሉ።

9. ለመልሱ ወረቀቱን ገልብጡ

ብዙ ሰው ለመሄጃው ተዘጋጅቶ መልሱን ይረሳል። ሲመለሱ «ቀ» የተባለው «ግ» ይሆናል። ዳገት የነበረው ቁልቁለት ይሆናል። የጣርማበሩ ለመልስ ይቀላል፣ እየወጣችሁ ነውና። ሐረጎና ድልብ ግን አሁን ቁልቁለት ናቸው። ከላሊበላ የምትመለሱ ድልብን በሙሉ ብርሃን ለመውረድ ጠዋት ተነሱ፣ ጋሸና ላይ አረፍ በሉ፣ ፍሬኑን እዚያው አሳዩ።